ከዘጌ እስከ ሮማ ማተሚያ ቤት
የነጋድራስ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ የሕይወት ታሪክ

እኛ የባሕር ዳር ልጆች የጣናን ውኃ በየቀኑ እናያለን፤ በገዳማቱ ስለ ተጠበቁት የብራና መጻሕፍትም ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተናል። ነገር ግን ከዚሁ ከሐይቁ ዳር ተነሥተው የመጀመሪያውን የአማርኛ ልብ ወለድ ድርሰት ለማተሚያ ቤት ያበቁትን ሰው ጓደኞቼን ብጠይቅ የሚያውቃቸው ጥቂት ሆኖ አገኘሁ። ስለዚህ ታሪካቸውን፣ መልካሙንም ክፉውንም፣ ባጭሩ ላቀርብላችሁ ወደድሁ።

አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1860 ዓ.ም. በዘጌ ተወለዱ። ዘጌ በቡናዋና እንደ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ባሉት ገዳማቷ የታወቀች ናት። በእንዲህ ያለው አገር መጽሐፍ የሚሠራው በእጅ ነበር። ጸሐፊው የፍየል ቆዳ ፍቆ ብራና ያዘጋጃል፤ ብዕሩን ከመቃ ይቀርጻል፤ ጥቁሩን ቀለም ለንባቡ፣ ቀዩን ለቅዱሳን ስም ያውላል። አንድ መጽሐፍ ለመጨረስ ብዙ ወራት ይፈጅበታል።

አፈወርቅ የሥዕል ተሰጥዎ ስለ ነበራቸው፣ ዕድሜያቸው 19 ዓመት ገደማ ሲሆን ምኒልክ ወደ ኢጣልያ ላኳቸው፤ በቶሪኖ ከተማም በአልበርቲና የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ሥዕል ተማሩ። በኋላም በናፖሊ ከተማ አማርኛ በማስተማር ሥራ ተሰማሩ፤ ስለ አማርኛ ሰዋስውም መጽሐፍ አሳተሙ። በብሩሽ የጀመሩት ሰው እንዲህ ወደ ፊደል ዞሩ።

እዚህ ላይ ስለ ፊደላችን ጥቂት ልበል። ፊደላችን በጥንት ጊዜ ተነባቢውን ድምፅ ብቻ ያመለክት ነበር፤ በ4ኛው መቶ ዓመት በንጉሥ ዒዛና ዘመን ግን ከግእዝ እስከ ሳብዕ ያሉት ሰባቱ ድምፆች ተለይተው መጻፍ ጀመሩ። 33ቱ የአማርኛ ፊደላት በሰባት ሲባዙ 231 ይሆናሉ። ብዕር ለያዘ ሰው ይህ አያስቸግርም፤ ለአታሚ ግን ለእያንዳንዱ ቅርጽ የተለየ የእርሳስ ፊደል መቅረጽ ግድ ነበር። እንዲህም ሆኖ በሮማ ከተማ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1513 መዝሙረ ዳዊት በግእዝ ታተመ። ቀጥሎም የደብረ ሊባኖሱ መነኩሴ አባ ተስፋ ጽዮን በ1548 እና በ1549 ሐዲስ ኪዳንን በዚያው ከተማ አሳተሙ።

አፈወርቅም በ1900 ዓ.ም. ልብ ወለድ ታሪክ የተባለውን መጽሐፋቸውን ያሳተሙት በዚህችው በሮማ ነው። መጽሐፉ በኋላ ጦቢያ በሚል ስም ታወቀ። ታሪኩ በጦርነት ስለ ተማረከ አባት፣ ስለ ልጁ ስለ ዋሕድና የወንድ ልብስ ለብሳ ስለ ወጣችው መንትያ እኅቱ ስለ ጦቢያ ነው። በሚቀጥለውም ዓመት ስለ ዳግማዊ ምኒልክ የጻፉት መጽሐፍ ታተመ።

ወደ አገራቸው ከተመለሱ በኋላ በድሬዳዋ የጉምሩክ ሹም ሆኑ፤ ነጋድራስም ተባሉ። ከዚያም በሮማ የኢትዮጵያ መንግሥት ወኪል ሆነው አገለገሉ። ዳሩ ግን ፋሺስት ኢጣልያ በ1928 ዓ.ም. አገራችንን ስትወር ከጠላት ጋር ተባበሩ፤ አፈ ቄሣር የሚል ማዕረግም ተቀበሉ። አርበኞች በዱር በገደል ሲወድቁ እርሳቸው አንደበታቸውን ለወራሪው አዋሉ። ከነጻነት በኋላ በጅማ በግዞት ተቀመጡ። ዓይናቸው ታወረ፤ በ1940 ዓ.ም. መጀመሪያም አረፉ። ሥዕል ለተማረና ፊደል ለወደደ ሰው ከዓይን መጥፋት የከፋ ምን አለ?

አንዳንዶች ለድርሰቱ ሲሉ ክሕደቱን ይሸፍናሉ፤ ሌሎች ደግሞ በክሕደቱ ምክንያት ድርሰቱን አንነካም ይላሉ። እኔ ግን ሁለቱም ትክክል አይመስለኝም። መጽሐፉ የእኛ ሀብት ነውና ልናነበው ይገባል፤ ክሕደቱም የታሪካችን ክፍል ነውና ልንደብቀው አይገባም። እውቀት ብቻውን ሰውን ከስሕተት እንደማያድን ከእኚህ ሰው ሕይወት ተምሬአለሁ።

ስለዚህ የትምህርት ጓደኞቼ ሆይ፤ ብዕር በእጃችን ሲገባ እንዴት አድርገን እንደምንጽፍ ብቻ ሳይሆን ለማን እንደምንጽፍም እናስብ። ወላጆቻችንና መምህሮቻችን ሀ ሁ ያስቆጠሩን ለአገራችን እንድንጠቅም ነውና።