ፖል ኦትሌና ሁለቱ ነጥቦች

ፖል ኦትሌ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1868 ዓ.ም. በቤልጂየም ዋና ከተማ በብራስልስ ተወለደ። አባቱ በብዙ አገር የትራም መስመር የሸጠ ባለጸጋ ነበር። እናቱ የሞተችው እሱ ገና የ3 ዓመት ልጅ ሳለ ነው። አባቱ ትምህርት ቤት የልጅን አእምሮ ያፍናል ብሎ ስለሚያምን ኦትሌ እስከ 11 ዓመቱ በቤት ውስጥ በግል አስተማሪዎች ተማረ፤ ጓደኞቹም መጻሕፍት ሆኑ።

በ1890 በሕግ ተመርቆ ጥብቅና ጀመረ፤ ሥራውን ግን አልወደደውም። ከሕግ ባለሙያው ከአንሪ ላ ፎንቴን ጋር ተዋውቆ (ላ ፎንቴን በ1913 የኖቤል የሰላም ሽልማት ያገኘው ሰው ነው) በ1895 ዓለም አቀፍ የመጻሕፍት ዝርዝር ተቋም አቋቋሙ። ዓላማቸው በዓለም የታተመውን ሁሉ በካርድ መመዝገብ ነበር። ካርዶቹ ከጊዜ በኋላ ከ12 ሚሊዮን በላይ ደረሱ። ጥያቄ ያለው ሰው በፖስታ ይጽፋል፤ ሠራተኞቹ መሳቢያዎቹን ፈትሸው መልስ ይልኩለታል።

ካርድ መሰብሰብ ብቻውን ብዙ የሚያስደንቅ አይደለም። የኦትሌ ዋና ሥራ ርዕሶቹን ያገናኘበት መንገድ ነው። አሜሪካዊው ሜልቪል ዲዩዊ ዕውቀትን በቁጥር ከፋፍሎ ነበር። ታዲያ ስለ እርሻ ስታትስቲክስ የተጻፈ መጽሐፍ ከእርሻ ይግባ ወይስ ከስታትስቲክስ? ኦትሌ ሁለቱንም ቁጥሮች በሁለት ነጥብ አያያዛቸው፦ 31:63። 31 ስታትስቲክስ ነው፤ 63 እርሻ። አገርን ለማመልከት ደግሞ ቅንፍ አለ። 63 በቅንፍ ሲገባ ኢትዮጵያን ያመለክታል፤ ስለዚህ 63(63) ማለት እርሻ በኢትዮጵያ ማለት ነው። በእኛ በጥንቱ ጽሑፍ ሁለት ነጥብ ቃልን ከቃል ይለያል፤ በእሱ ዘንድ ግን ያገናኛል።

ምልክቱ ጉድለት ነበረው። ሁለቱ ነጥቦች ዝምድና መኖሩን እንጂ ምን ዓይነት ዝምድና እንደሆነ አይናገሩም። ሕክምናና ሕግ ቢያያዙ፣ ስለ ሐኪሞች የወጣ ሕግ ነው ወይስ ለፍርድ ቤት የሚደረግ ምርመራ? እናትና ልጅ ዘመድ ናቸው፤ አማትና ምራትም ዘመድ ናቸው፤ ዘመድ ማለት ብቻውን ግን አይበቃም። ዛሬ በኮምፒዩተር የግል ማስታወሻ የሚይዙ ሰዎችም የሚቸገሩት በዚሁ ነው። በየማስታወሻው ላይ የርዕስ ስም ይለጥፋሉ፤ ስሞቹ በምን እንደሚዛመዱ ካልጻፉ ግን ከዓመት በኋላ ራሳቸውም አያስታውሱትም። በቤታችሁም ከኩፓት ሖሊም በመጣ ወረቀት ጥግ ላይ ጤና ብሎ መጻፍ ይጠቅማል፤ ለልጁ ትምህርት ቤት የሚቀርብ ብሎ ምክንያቱን መጨመር ግን ይበልጣል።

የኦትሌ የኋላ ዘመን መራራ ነበር። ልጁ ዣን በአንደኛው የዓለም ጦርነት ሞተ። በ1934 መንግሥት የካርዶቹን አዳራሽ ዘጋ። በ1940 ጀርመኖች ቤልጂየምን ሲይዙ አዳራሹን ለራሳቸው ኤግዚቢሽን ፈልገው ንብረቱን አስወጡት፤ ብዙው ጠፋ። ኦትሌ በ1944 ሲያርፍ የሚያስታውሰው ሰው ጥቂት ነበር። የተረፉት መሳቢያዎች ሞንስ በምትባል የቤልጂየም ከተማ በ1998 በተከፈተ ሙዚየም ይታያሉ፤ በቁጥር የመለየት ዘዴውም በብዙ አገሮች ቤተ መጻሕፍት እስከ ዛሬ ይሠራበታል።