አሌክሳንደር ፍሌሚንግና የፔኒሲሊን ጠላት

ለሰው ልጅ ታላቅ ውለታ ከዋሉት ሊቃውንት አንዱ አሌክሳንደር ፍሌሚንግ ነው። የተወለደው በአውሮጳውያን አቆጣጠር በ1881 ዓ. ም. ስኮትላንድ ውስጥ ዳርቬል በምትባል ከተማ አጠገብ ሲሆን፣ አባቱ ገበሬ ነበር። ገና በ7 ዓመቱ አባቱ ሞተበት። በ13 ዓመቱ ገደማ ወደ ሎንዶን ሄዶ ጥቂት ከተማረ በኋላ በአንድ የመርከብ ኩባንያ በጸሐፊነት 4 ዓመት ያህል ሠራ። ከአጎቱ ገንዘብ ስለ ወረሰም በ1901 ዓ. ም. በቅድስት ማርያም ሆስፒታል የሕክምና ትምህርት ቤት ገባ።

በአንደኛው የዓለም ጦርነት ፈረንሳይ አገር በሐኪምነት ሲያገለግል ብዙ ወታደሮች ቁስላቸው እያመረቀዘ ሲሞቱ አየ። በጊዜው ቁስል የሚታጠብበት መድኃኒት ቁስሉ ጥልቅ በሆነ ጊዜ ከጀርሙ ይልቅ የሰውነትን ነጭ የደም ሕዋሶች እንደሚጎዳ ተረዳ። ስለዚህ ሰውነትን ሳይጎዳ ጀርምን የሚገድል ነገር መፈለግ የሕይወቱ ሥራ ሆነ።

በ1928 ዓ. ም. ከዕረፍት ሲመለስ ባክቴሪያ በሚያሳድግበት ሳሕን ላይ ሻጋታ በቅሎ፣ በዙሪያው ያሉትም ባክቴሪያዎች ጠፍተው አገኘ። ሳሕኑን አጥቦ በመጣል ፈንታ መረመረው፤ ከሻጋታው የሚወጣውንም ነገር ፔኒሲሊን ብሎ ሰየመው። እርሱ አጣርቶ ለማውጣት ባይሆንለትም፣ ፍሎሪና ቼይን በኦክስፎርድ ከረዳቶቻቸው ጋር ደክመው ለሕሙማን አደረሱት። በ1945 ዓ. ም. ሦስቱም የኖቤልን ሽልማት ተካፈሉ።

በዚያን ጊዜ ፍሌሚንግ ባደረገው ንግግር ደስታውን ብቻ አልገለጸም። መድኃኒቱን አሳንሶ የሚወስድ ሰው ጀርሙን ከመግደል ይልቅ መድኃኒቱን መቋቋም እንደሚያለማምደው አስጠነቀቀ።

ጀርሙ የሚቋቋመው እንዴት ነው? የፔኒሲሊን ኃይል ያለው ከ4 አቶሞች በተሠራች ትንሽ ቀለበት ውስጥ ነው። አንዳንድ ባክቴሪያዎች ይህችን ቀለበት የሚሰብር ኤንዛይም እንዳላቸው ኤብራሃምና ቼይን በ1940 ዓ. ም. ገለጹ። በ1966 ዓ. ም. ደግሞ ከእነዚህ መካከል ያለ ዚንክ የማይሠራ ዓይነት መኖሩ ታወቀ። ዚንኩ በኤንዛይሙ ውስጥ ተቀምጦ ውሃን ይይዛል፤ ያም ውሃ ቀለበቷን መትቶ ይከፍታታል። ቀለበቷ ከተከፈተች መድኃኒቱ ከንቱ ነው። ዚንኩ ከተወሰደ ግን ኤንዛይሙ ጎራዴው እንደ ተቀማ ወታደር ይሆናል።

ስለዚህ የዛሬ ተመራማሪዎች ዚንኩን የሚይዝ ወይም የሚነጥቅ መድኃኒት ይፈልጋሉ። ችግሩ የእኛም ሰውነት ብዙ ኤንዛይሞች ዚንክ የሚያስፈልጋቸው መሆኑ ነው። ጀርሙን እየመቱ ሰውን ማዳን፣ ፍሌሚንግ በጦር ሜዳ ሆስፒታል የገጠመው ያው የጥንቱ ጥያቄ ተመልሶ መጣ ማለት ነው።

ፍሌሚንግ በ1955 ዓ. ም. ሎንዶን ውስጥ ሞቶ በቅዱስ ጳውሎስ ካቴድራል ተቀበረ። እኛም ተማሪዎች ውለታውን የምንመልሰው፣ ሐኪም ያዘዘልንን መድኃኒት ሳናጓድል በመውሰድና ያልታዘዘልንን ባለመንካት ነው።