ሐኪሙ ያላከመው፣ መምህሩ ያልተማረው

ዊልያም ጄምስ የሕክምና ዶክተር ነበር፤ በሙያው ግን አልሠራበትም። አሜሪካኖች የሥነ ልቦና አባት ይሉታል፤ ሥነ ልቦናን ግን ማንም አላስተማረውም። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በ1842 ኒውዮርክ ተወለደ። አያቱ ከአየርላንድ መጥተው በንግድ የከበሩ ሰው ስለነበሩ፣ አባቱ ሥራ ሳያስፈልጋቸው ልጆቻቸውን አሜሪካና አውሮፓ እያመላለሱ አስተማሩ። ታናሹ ሄንሪ ስመ ጥር ደራሲ ወጣው። ዊልያም ግን ልቡ አልረጋም። በ18 ዓመቱ ሥዕል ጀመረ፤ ተወው። በ1861 ሃርቫርድ ገብቶ ኬሚስትሪ ያዘ፤ ከዚያ ወደ አናቶሚ ዞረ። በ1864 ሕክምና ጀመረ፤ በዓመቱ አቋርጦ ከሊቁ ሉዊ አጋሲ ጋር ለምርምር ብራዚል ወረደ፤ እዚያም ፈንጣጣ ይዞት ተመለሰ። ዲግሪውን የያዘው ጀርመን ደርሶ ከመጣ በኋላ፣ በ1869 ነው።

እንዲህ ዓይነቱን ልጅ እኛ ቤት ምን እንደምንለው አንባቢ ያውቀዋል። አሜሪካ ያለው የእህቴ ልጅ ኮግኒቲቭ ሳይንስ ላጥና ሲል፣ አባቱም መምረጥ አቅቶት ነው ብለው ነበር። ትምህርቱ አእምሮ እንዴት እንደሚያስብ የሚመረምር ሲሆን ሥነ ልቦናን፣ ፍልስፍናን፣ ኮምፒውተርን፣ የቋንቋና የነርቭ ጥናትን ያጣምራል። የጄምስን ታሪክ ያጫወትኳቸው ለዚህ ነው። እርግጥ ጄምስ የዞረው በአባቱ ኪስ ነው፤ በብድር የሚማር ልጅ ያን ያህል ሊዞር አይችልም። ደግነቱ ዛሬ ሁሉም በአንድ የአራት ዓመት ዲግሪ ተሰብስቦለታል፤ በሳንዲያጎ የሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በ1986 ራሱን የቻለ የትምህርት ክፍል ከፍቶለታል።

ጄምስ ግን ዋጋ ከፍሏል። ከምረቃው በኋላ በጭንቀት ተዘፈቀ። ሐሳባችን ሁሉ የነርቭ ውጤት ብቻ ከሆነ ሰው ከማሽን በምን ይለያል የሚለው ጥያቄ ሕይወቱን እስከ መጥላት አደረሰው። ሐኪምነቱ መልስ አልሰጠውም። በ1870 የፈረንሳዊውን ፈላስፋ የሻርል ረኑቪዬን ጽሑፍ አንብቦ ሰው ነፃ ፈቃድ አለው ብሎ ለማመን ወሰነ፤ ቀስ በቀስም አገገመ። እኔ እንደሚመስለኝ ሁለቱን ትምህርቶች ያጋባቸው ይህ መከራ ነው።

በ1870ዎቹ መጀመሪያ ሃርቫርድ ፊዚዮሎጂ እንዲያስተምር ቀጠረው። በ1875 ሥነ ልቦናን ከአንጎል አሠራር ጋር አያይዞ ማስተማር ጀመረ፤ አነስተኛ ላቦራቶሪም አደራጀ። በ1878 ለአሳታሚው ሄንሪ ሆልት በሁለት ዓመት መጽሐፍ ላስረክብ ብሎ ተዋዋለ። አሥራ ሁለት ዓመት ፈጀበት! በ1890 የወጣው ባለ ሁለት ቅጽ የሥነ ልቦና መጽሐፉ 1400 ያህል ገጽ ነበረው። ስለ ልማድ፣ ስለ ትኩረትና እንደ ወንዝ ስለሚፈሰው የሐሳብ ጉዞ የጻፈው ዛሬም ይነበባል።

አንድ ድካም ነበረበት፤ የላቦራቶሪ ሥራ ይሰለቸው ነበር። በ1892 ሁጎ ሙንስተርበርግን ከጀርመን አስመጥቶ አስረከበው። የእህቴ ልጅ ግን የሚያስረክበው ሰው የለውም፤ ስለዚህ ስታቲስቲክስና ፕሮግራሚንግ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ዕቅዱ ላይ ገብተዋል፤ ከዚያ በኋላ ከመስኮቹ አንዱን መርጦ ይጠልቅበታል።

ጄምስ ወደ ፍልስፍናው አደላ። በ1907 ከማስተማር ጡረታ ወጣ፤ በዚያው ዓመት ፕራግማቲዝም የተሰኘውን መጽሐፉን አሳተመ። በ1910 ኒው ሃምፕሻየር በሚገኘው የገጠር ቤቱ በልብ ሕመም አረፈ፤ ዕድሜው 68 ነበር።