ሚስተር አሳ ካንድለርና የአንድ ብርጭቆ ቲኬት

ማር ገዥ ሳይቀምስ አይገዛም። ሻጩም ይህን ስለሚያውቅ በስንጥር ጫፍ ቆንጥሮ ያቀምሰዋል፤ ሁለተኛ ልቅመስ ቢለው ግን ፊቱን ያጠቁርበታል። ሻጭና ቀማሽ ፊት ለፊት ሲገናኙ ነገሩ ቀላል ነው። ሻጩ በአንድ ከተማ ቀማሹ በሌላ ከተማ የሆኑ እንደ ሆነ ግን እንዴት ይደረጋል? ይህን ችግር በአንዲት ቁራጭ ወረቀት ካቃለሉት የአሜሪካ ነጋዴዎች አንዱ፥ የኮካ ኮላን ኩባንያ ያቋቋሙት ሚስተር አሳ ካንድለር ናቸው።

ሚስተር ካንድለር በአውሮጳውያን አቆጣጠር በ1851 ዓ.ም. በጆርጂያ ግዛት ከቪላ ሪካ አጠገብ ተወለዱ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።) በልጅነታቸው ሐኪም ለመሆን ይመኙ ነበር፤ ነገር ግን አልሆነላቸውምና ከመድኃኒት ቤት ገብተው ቅመማ ተማሩ። በ1873 ዓ.ም. ሥራ ፍለጋ አትላንታ ሲደርሱ በኪሳቸው የነበረው 1 ዶላር ከ75 ሳንቲም ብቻ እንደ ነበረ ይነገራል። ጆርጅ ሃዋርድ የሚባሉ መድኃኒት ነጋዴ ቀጠሯቸው፤ ከአምስት ዓመት በኋላም የእኒሁኑ ጌታቸውን ልጅ አባትዋ ሳይወዱ አገቡ።

በ1886 ዓ.ም. በዚያው ከተማ ጆን ፔምበርተን የተባለው ቀማሚ አንድ ሽሮፕ ሠራ። ሽሮፑ ከጋዝ ውሃ ጋር እየተቀላቀለ በመድኃኒት ቤት ጠረጴዛ ላይ አንዱ ብርጭቆ በ5 ሳንቲም ይሸጥ ነበር። በመጀመሪያው ዓመት የተሸጠው በአማካይ በቀን 9 ብርጭቆ ነው፤ ይህም ከኪሳራ የሚቈጠር ነው። ለመጠጡ ስም ያወጣለት፥ ስሙንም የእጅ ጽሕፈት በሚመስል ፊደል የጻፈው የሒሳብ ያዡ ፍራንክ ሮቢንሰን ነበር። በ1887 ዓ.ም. የነጻ ቲኬት ማደል የጀመረውም እርሱ ስለ ሆነ፥ ሐሳቡን የሚስተር ካንድለር ነው ማለት ፍርድ ማጓደል ይሆናል። የእርሳቸው ድርሻ ሐሳቡን ከአንድ ከተማ አውጥቶ በአገሩ ሁሉ መዘርጋት ነበር። የመጠጡን ባለቤትነት እስከ 1891 ዓ.ም. ድረስ ከልዩ ልዩ ሰዎች እጅ በ2,300 ዶላር ያህል አጠቃለው ገዙ፤ በ1892 ዓ.ም. ኩባንያውን አቋቋሙ፤ ሮቢንሰንንም አብሮአቸው አሠሩት።

ቲኬቱ የተጻፈበት ቃል አጭር ነበር። የያዘው ሰው፥ እውነተኛው ኮካ ኮላ በሚቀዳበት በማናቸውም ቤት፥ አንድ ብርጭቆ በነጻ ይጠጣል ይላል። አጭር ቢሆንም እያንዳንዱ ቃል ሥራ አለው። አንድ ብርጭቆ የተባለው ለቅምሻ ስለ ሆነ ነው፤ የኩባንያው ትርፍ ያለው በሁለተኛው ብርጭቆ ነውና። እውነተኛው የተባለውም በከንቱ አይደለም። ስሙንና መልኩን የሚያስመስሉ መጠጦች እየበዙ ሄደው ነበር፤ በቲኬቱ የሌላ ሰው መጠጥ ቢቀዳበት ኩባንያው በገንዘቡ ለተቀናቃኙ ገበያ ያበጅ ነበር። ስለዚህ ቲኬት ይዞ መጥቶ ሁለት ካልቀዳችሁልኝ፥ ወይም በምትኩ ሎሚናት ስጡኝ የሚል ሰው የሚሟገትበት ነገር የለውም። የተጻፈውን ይዞ የመጣ ግን ልብሱ ቢያድፍም ባያድፍም ብርጭቆው ይቀዳለታል።

የመድኃኒት ነጋዴውስ ምን ተጠቀመ? ለአንድ ብርጭቆ የሚበቃው ሽሮፕ 1 አውንስ ነው፤ አንድ ጋሎን፥ ማለት 3.8 ሊትር ያህል፥ 128 አውንስ ይሆናል፤ ስለዚህ ከአንድ ጋሎን 128 ብርጭቆ ይወጣል። ለቲኬቱ የሚቀዳው ሽሮፕ ከኩባንያው ስለሚመጣለት ነጋዴው አይከስርም፤ እንዲያውም ደጁን ረግጦ የማያውቅ ሰው ይመጣለታል። ኩባንያው እንደ ቈጠረው ከ1894 እስከ 1913 ዓ.ም. ድረስ 8 ሚሊዮን ተኩል ብርጭቆ በነጻ ተጠጥቷል። በ5 ሳንቲም ቢታሰብ 425,000 ዶላር ነው። ይህን ያደረጉት በቈጣቢነታቸው የታወቁ ሰው መሆናቸው ያስገርማል። አንድ ነገር ግን መደበቅ አይገባም፤ ሽሮፑ በመጀመሪያ ዘመኑ ከኮካ ቅጠል የሚገኝ ጥቂት ኮኬይን ነበረበት፤ የወጣለትም ከ1900 ዓ.ም. ወዲህ ነው። ቀማሹ ይህን ከቲኬቱ ላይ አያነብም ነበር።

ለ5 ሳንቲም ቲኬት ቃሉን እንዲህ መጥነው ያሳተሙት ሚስተር ካንድለር በትልቁ ነገር ሳቱ። በ1899 ዓ.ም. ቶማስና ዋይትሄድ የሚባሉ ሁለት የቻታኑጋ ጠበቆች መጥተው መጠጡን በጠርሙስ እየሞላን እንሽጥ አሏቸው። እርሳቸው ጠርሙስ ወደፊት ይሄዳል ብለው አላመኑም ነበርና በ1 ዶላር ፈቀዱላቸው፤ ያንንም አንድ ዶላር አልተቀበሉም ይባላል። በውሉ ላይ የሽሮፑ ዋጋ ተወስኖ ተጻፈ፤ ውሉ ስንት ዓመት እንደሚጸና ግን አልተጻፈበትም። መጠጡን ወደ ዓለም ያወጣው ጠርሙሱ ሆነ፤ በአዲስ አበባም በ1959 ዓ.ም. መሞላት የጀመረው በጠርሙስ ነው።

በ1914 ዓ.ም. ለኤመሪ ዩኒቨርሲቲ መቋቋሚያ 1 ሚሊዮን ዶላር ሰጡ፤ ከ1917 እስከ 1919 ዓ.ም. የአትላንታ ከንቲባ ሆኑ፤ ከተማይቱ በቃጠሎ የተጐዳችውም በዚሁ ዘመን ነው። የኩባንያውን ድርሻ ለልጆቻቸው አስቀድመው አውርሰው ነበር። ልጆቹም በ1919 ዓ.ም. አባታቸውን ሳያማክሩ በ25 ሚሊዮን ዶላር ሸጡት። ባለቤታቸው የሞቱት በዚያው ዓመት ነበርና ዓመቱ ከባድ ሆነባቸው።

በሚከተለው ዓመት የስኳር ዋጋ ናረ። አዲሶቹ የኩባንያው ባለቤቶች በድሮው ዋጋ ሽሮፕ አንሰጥም አሉ፤ ጠርሙስ ሞይዎቹም ውላችን ማብቂያ የለውም ብለው ተነሡ፤ ነገሩ ፍርድ ቤት ደርሶ ዋጋው ተሻሽሎ በስምምነት አለቀ። ሚስተር ካንድለር በማርች 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በ77 ዓመታቸው በአትላንታ ዐረፉ።