የታጁራው መንገደኛ፤ የቄስ ዮሐን ሉድዊግ ክራፕፍ ሕይወት

በጅቡቲ ከተማ በባሕር ዳር ቆሞ ወደ ሰሜን የሚመለከት ሰው፥ ሰማዩ ጥሩ በሆነ ጊዜ ከባሕረ ሰላጤው ማዶ የታጁራን ተራሮች ያያል። እኛም በዚህች ከተማ የሚኖሩትን ኢትዮጵያውያን ምእመናን ልንጎበኝ በወረድን ጊዜ በዚያ ቆመን አንድ የጥንት መንገደኛ አሰብን። ጅቡቲ የተቈረቈረችው በ1888 ዓ.ም. ነው፤ ዓመታቱን ሁሉ የምንጽፈው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው። ያ መንገደኛ በባሕር መጥቶ ማዶ በወረደ ጊዜ ግን በዚህ ስፍራ ከተማ አልነበረም፤ ወደ ሸዋ የሚወጣ ሁሉ በታጁራ በኩል ያልፍ ነበር። ስማቸው ቄስ ዮሐን ሉድዊግ ክራፕፍ ይባላል።

ክራፕፍ ጥር 11 ቀን 1810 ዓ.ም. በጀርመን አገር፥ በቱቢንገን ከተማ አጠገብ ባለችው በደረንዲንገን መንደር ከገበሬ ቤት ተወለዱ። ዕድሜያቸው 11 ዓመት ሲሆን አንድ ጎረቤት ባላጠፉት ጥፋት ክፉኛ ደብድቧቸው ለስድስት ወር ያህል ታመው ተኙ፤ በዚያም አልጋ ላይ መጽሐፍ ቅዱስን ማንበብ ወደዱ። ከዳኑ በኋላ ትምህርት ቤት ገብተው፥ አባታቸው የገዙላቸውን የካርታ መጽሐፍ ሲገልጡ፥ በአዳልና በሱማሌ ምድር ላይ የተጻፈው የቦታ ስም እጅግ ጥቂት ሆኖ አገኙት። በዚያ አገር ምድረ በዳና ጅብ እንጂ ሌላ የለምን ብለው በልባቸው ጠየቁ። ለልጁ ባዶ ሆኖ የታየው የካርታው ክፍል ይኸው እኛ የቆምንበት የባሕር ዳርቻና ከበስተ ኋላው ያለው ምድር ነበር።

ካደጉ በኋላ በባዝል የመልእክተኞች ትምህርት ቤት፥ ቀጥሎም በቱቢንገን ነገረ መለኮትን ተማሩ። የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን የመልእክተኞች ማኅበር በዚያን ጊዜ ጀርመናውያንን በብዛት ይልክ ነበርና፥ በ1837 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ ላካቸው። ዐድዋ ደርሰው ብዙም ሳይቈዩ በ1838 ዓ.ም. ከባልንጀሮቻቸው ጋር ተባረሩ። የሰሜኑ በር ሲዘጋ ሌላ በር መፈለግ ነበረባቸው።

በ1839 ዓ.ም. በኋላ የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት ካሳተሙት ከካርል ቪልሄልም ኢዘንበርግ ጋር ታጁራ ወረዱ። መንገዱ የአፋሮች ነበር፤ ግመል የሚያከራየው፥ ውሃ ያለበትን የሚያውቀው፥ መንገደኛንም የሚያሳልፈው ወይም የሚመልሰው አፋር ነበርና፥ ከሱልጣኑና ከባለ ግመሎቹ ጋር ስለ ኪራይ ብዙ መነጋገር ግድ ሆነ። ከዚያም ከባሕር ወለል በ155 ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ በሚገኘው፥ ዳሩ በጨው ነጭ በሆነው በአሳል ሐይቅ በኩል አለፉ። እኛ ወደዚያ ሐይቅ በመኪና ወርደን ግማሽ ቀን መታገሥ አቅቶን ወደ ጥላ ሸሽተናል፤ እነርሱ ግን በእንዲህ ያለው ምድር አንድ ወር ያህል ተጉዘው፥ አዋሽን ተሻግረው የሸዋ ወሰን ደረሱ።

ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ በደኅና ተቀበሏቸው። ንጉሡ ይሹ የነበረው የእጅ ጥበብ የሚያውቅ ሰውና መድኃኒት ነበር፤ እነርሱ ያመጡት ግን መጽሐፍ ነበር። በዚያው ዓመት መጨረሻ ኢዘንበርግ ሲመለሱ ክራፕፍ በአንኮበር ብቻቸውን ቀሩ። ልጆችን በቤታቸው ያስተምሩ፥ ካህናትንና ደብተራዎችን እየተቀበሉ ስለ ቃሉ ይነጋገሩ፥ የታተመውንም መጽሐፍ ያድሉ ነበር። በዚያ ዘመን መጽሐፍ ማለት በብራና ላይ በእጅ የተጻፈ፥ ብዙ ወራት ድካምና ብዙ ዋጋ የሚጠይቅ ነገር ነበር። በገጠር ያለች ትንሽ ቤተ ክርስቲያን ለቅዳሴ የሚያስፈልጋትን ካገኘች ዕድለኛ ነበረች። ያም ቢሆን በግዕዝ ነበርና፥ ሰሞን ጠብቆ የሚመጣው ገበሬ ድምፁን ይሰማል እንጂ ምሥጢሩን አይረዳም። ኢትዮጵያዊው መነኩሴ አቡ ሩሚ በካይሮ ተቀምጦ ወደ አማርኛ የተረጐመው ወንጌል በ1824 ዓ.ም.፥ ሐዲስ ኪዳኑ በ1829 ዓ.ም.፥ መላው መጽሐፍ ቅዱስም በ1840 ዓ.ም. ታትሞ ነበር። እንግዲህ የባዕድ አገር ሰው በግመል ተሸክሞ ያመጣው ስጦታ የገዛ ወንድማችን የድካም ፍሬ ነበረ፤ ይህን መርሳት አይገባም።

ክራፕፍ የኦሮሞን ቋንቋ ተማሩ፥ ከወንጌልም ክፍሎችን መተርጐም ጀመሩ። በ1840 ዓ.ም. ንጉሡ ወደ ኦሮሞ አገር ሲዘምቱ አብረው ሄደው አገሩን አዩ። ይህን ስናነብ ልባችን ይከብዳል፤ ከዘማች ጋር የመጣን ሰባኪ፥ ቤቱ የተቃጠለበት ሰው በምን ዓይን ያየዋል? በ1841 ዓ.ም. ደግሞ የእንግሊዝ መንግሥት መልእክተኛ ካፒቴን ሃሪስ በዚያው በታጁራ መንገድ ብዙ ጓዝ ይዘው በመጡ ጊዜ፥ ክራፕፍ አስተርጓሚና አማካሪ ሆኑላቸው። ወዳጅነቱ ለወንጌል መንገድ የሚጠርግ መስሏቸው ነበር። በእኛ አስተያየት ከስሕተታቸው ሁሉ ትልቁ ይህ ነው።

በመጋቢት 1842 ዓ.ም. ከሸዋ ወጥተው በወሎ በኩል ሲሄዱ፥ አዳራ ቢሌ የተባለው ባላባት በመጀመሪያ እንደ ወዳጅ ተቀብሎ፥ ኋላ ግን ያላቸውን ሁሉ ዘርፎ አሰናበታቸው። መጽሐፍ ሲያድሉ የኖሩት ሰው በየመንደሩ እንጀራ እየለመኑ ምጽዋ ደረሱ። በግብፅ ሮዚነ ዲትሪኽን አግብተው በዚያው ዓመት መጨረሻ ወደ ታጁራ ቢመለሱ፥ ወደ ሸዋ እንዳይገቡ ተከለከሉ። ሦስት ዓመት የደከሙበት ቤት፥ ያስተማሯቸው ልጆች፥ የጀመሩት ትርጕም ሁሉ ከዚያ ተራራ በስተ ጀርባ ቀረ። ከዚህ ከጅቡቲ ዳር ስናይ ልባችንን የነካው ይህ ነበር፤ የከፈተላቸው በር ያው የዘጋባቸው በር ሆነ።

በ1843 ዓ.ም. በምጽዋ በኩል ወደ ትግራይ ለመግባት ሞከሩ። በዚያ በረሃ ሮዚነ ቀኗ ሳይደርስ ሴት ልጅ ወለደች፤ ሕፃኒቱን አጥምቀው እንባ ብለው ሰየሟት፥ ወዲያውም ሞተች። ስሙን ለአማርኛ አንባቢ መተርጐም አያስፈልግም። ከትግራይም ስለ ተባረሩ በ1844 ዓ.ም. ወደ ሞምባሳ ሄዱ፤ በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር ሮዚነና ሁለተኛዋ ሕፃን በጥቂት ቀን ልዩነት ሞቱ። ስለ ምሥራቅ አፍሪካ ሥራቸው፥ ስለ ስዋሒሊ ሰዋስዋቸውና በ1849 ዓ.ም. ስላዩት ስለ ኬንያ ተራራ ሌሎች በሰፊው ጽፈዋል። እኛ ግን በራባይ ጣቢያ መጀመሪያ የተጠመቀው ምሪንጌ የተባለ ለሞት የቀረበ ሽባ ሰው እንደ ነበረ እናስታውሳለን።

በ1855 ዓ.ም. ኢትዮጵያን እንደ ገና ጐብኝተው ዐፄ ቴዎድሮስን አዩ። በ1867 ዓ.ም. ደግሞ ለናፒየር ጦር አስተርጓሚ ሆነው መጥተው በሕመም ምክንያት ቶሎ ተመለሱ፤ ከመንግሥት ጦር መራቅን ገና አልተማሩም ነበር ማለት ነው።

ነገር ግን ወደ ኦሮሞ ሕዝብ ሂዱ የሚለው ምክራቸው በስዊድን አገር ሰሚ አገኘ። የስዊድን ወንጌላዊ ማኅበር መልእክተኞች በ1866 ዓ.ም. ምጽዋ ደረሱ፤ መንገዱ ተዘግቶባቸው በባሕር ዳር ሲቀመጡ፥ ከባርነት ነጻ የወጣው ኦኔሲሞስ ነሲብ ወደ እነርሱ መጣ፥ በ1872 ዓ.ም.ም ተጠመቀ። ኦኔሲሞስ ከአስቴር ጋኖ ጋር የደከመበት የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ በ1899 ዓ.ም. ታተመ፤ እርሱም በ1904 ዓ.ም. ወለጋ ገባ። ከ1917 ዓ.ም. ጀምሮ ባቡሩ ከጅቡቲ አዲስ አበባ ሲደርስ፥ ብዙ መልእክተኞች ክራፕፍ በግመል ወር የፈጁበትን በረሃ በጥቂት ቀን አለፉት። ጣሊያን አገራችንን በያዘ ጊዜ እነዚህ መልእክተኞች ተባረሩ፤ የወለጋ የመንደር ማኅበሮች ግን በገዛ ሽማግሌዎቻቸው እየተመሩ፥ በቋንቋቸው የታተመውን መጽሐፍ እያነበቡ ጸኑ።

ክራፕፍ ይህን አላዩም። በጀርመን አገር በኮርንታል ሲኖሩ፥ ኅዳር 26 ቀን 1881 ዓ.ም. ማታ ለጸሎት በአልጋቸው አጠገብ ተንበረከኩ፤ በማግሥቱ ጠዋት ሰዎች እንደ ተንበረከኩ ሞተው አገኟቸው። በዚያው ዓመት ኦኔሲሞስ በስዊድን ትምህርቱን ፈጽሞ፥ በሱዳን በኩል ወደ ወገኖቹ ለመድረስ ጕዞ ጀምሮ ነበር።