የመንጋጋ ቆልፍን ባክቴሪያ የለየው ሐኪም፦ ኪታሳቶ ሺባሳቡሮ

በጋሞ ደጋ እንሰት ሲተክሉ ዶማ እግርዎን ቢያቆስልዎ፣ ቁስሉ ትንሽ ነው ብለው ሊተዉት ይችላሉ። ከቀናት በኋላ ግን አፍ መክፈትና ማኘክ ቢያቅትዎ፣ የመንጋጋ ቆልፍ (ቴታነስ) ሊሆን ይችላል። ይህን በሽታ ለመከላከል መንገድ ከከፈቱት አንዱ ጃፓናዊው ሐኪም ኪታሳቶ ሺባሳቡሮ ነው።

ኪታሳቶ እ.ኤ.አ. በ1853 በኪዩሹ ደሴት፣ ኦጉኒ በተባለ የገጠር መንደር ተወለደ። በ1883 በቶኪዮ በሕክምና ተመረቀ፤ በኋላም በርሊን በሚገኘው የሮበርት ኮክ ቤተ ሙከራ ሠራ። የቴታነስን ባክቴሪያ ለብቻው ለይቶ ማሳደግ ያኔ አስቸጋሪ ነበር። ኪታሳቶ ናሙናውን 80 ዲግሪ ድረስ አሞቀው፤ ሌሎቹ ተዋሲያን ሲሞቱ ይህ ተረፈ። ከዚያም ኦክስጅን በሌለበት አሳደገውና በ1889 ተሳካለት። ሚስማር ወይም እሾህ የወጋው ጠባብና ጥልቅ ቁስል አደገኛ የሆነውም አየር ስለማይደርሰው ነው።

መንጋጋ ለምን ይቆለፋል? ሲያኝኩ፣ ከአንጎል ግንድ የሚነሱ የነርቭ ሴሎች መንጋጋ የሚዘጉት ጡንቻዎች እንዲኮማተሩ ያዛሉ፤ ሌሎች የነርቭ ሴሎች ደግሞ ትእዛዙን ገትተው ጡንቻዎቹ እንዲላሉ ያደርጋሉ። የቴታነስ መርዝ ከቁስሉ በነርቭ በኩል ተጉዞ ገቺዎቹን ዝም ያሰኛቸዋል። መንጋጋ የሚዘጉት ጡንቻዎች ከሚከፍቱት ስለሚበረቱ አፍ ተዘግቶ ይቀራል። በሽተኛው ግን ራሱን ስለማይስት ሕመሙ ሁሉ ይሰማዋል።

በ1890 ኪታሳቶና ኤሚል ፎን ቤሪንግ መርዙን በጥንቃቄ የለመደ እንስሳ ደም መርዙን እንደሚያከሽፍ አሳዩ። በ1901 የመጀመሪያው የሕክምና ኖቤል ሽልማት ለቤሪንግ ብቻ ተሰጠ። ኪታሳቶ በ1892 ወደ አገሩ ተመልሶ፣ በ1931 እስካረፈበት ጊዜ ድረስ በተላላፊ በሽታዎች ላይ ሲሠራና ሲያስተምር ኖሯል። ዛሬ ምስሉ በጃፓን የ1000 የን ኖት ላይ ይታያል።

ከዚያ ግኝት የመጣው መድኃኒት ዛሬም ይሰጣል፤ ነገር ግን ነርቭ ውስጥ የገባውን መርዝ መልሶ ማውጣት አይችልም። ስለዚህ ቁስልዎን ወዲያው በውኃና በሳሙና አጥበው ጤና ጣቢያ ይሂዱ። እርጉዝ ከሆኑ የቴታነስ ክትባትዎን ይውሰዱ፤ በሕፃኑ እትብት ላይ እበትም ሆነ ቅቤ አይቀቡ። ደህና ሲጠባ የነበረ አራስ መጥባት ቢያቅተው ወይም የማንም ሰው መንጋጋ አልከፈት ቢል፣ ምች ነው ብለው አይቆዩ፤ በፍጥነት ሆስፒታል ያድርሱ። ከበሽታው የዳነ ሰውም በሽታው ስለማይከላከልለት መከተብ አለበት።