ፊሊፕ ሄንች እና የኮርቲዞን ሁለት ገጽታ
አሜሪካዊው ሐኪም ፊሊፕ ሄንች እ.ኤ.አ. በ1896 በፒትስበርግ ተወለዱ። በማዮ ክሊኒክ ሲሠሩ፣ በ1929 አንድ የመገጣጠሚያ ብግነት ሕመምተኛ የወፍ በሽታ በያዘው ጊዜ ቁርጥማቱ ጋብ እንዳለለት አስተዋሉ። በነፍሰ ጡሮችም ተመሳሳይ ለውጥ በማየታቸው፣ ብግነትን የሚገታ ንጥረ ነገር በሰውነት ውስጥ እንዳለ ገመቱ።

ኤድዋርድ ኬንዳል ከአድሬናል ዕጢ የለዩት ኮርቲዞን ከከብት ሐሞት አሲድ በፋብሪካ ከተዘጋጀ በኋላ፣ ሄንች በ1948 ለአንዲት ሕመምተኛ ሰጡ፤ በጥቂት ቀናትም መራመድ ቻለች። በ1950 ሁለቱ ሊቃውንት ከታዴዎስ ራይክስታይን ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ።

ሆኖም መድኃኒቱ ሲቋረጥ ሕመሙ ያገረሽ፣ መጠኑ ሲበዛም ሕሙማን ለተላላፊ በሽታ ይጋለጡ ነበር። ምክንያቱ በኋላ ታወቀ፤ ኮርቲዞን በሰውነት ውስጥ ወደ ኮርቲዞል ተለውጦ በሕዋስ ውስጥ ካለ ተቀባይ ፕሮቲን ጋር ይጣመራል፤ ወደ ኒውክሊየስም ገብቶ የብግነት መልእክተኞችን የሚያመርቱ ዘረ መሎችን ይገታል፤ ሊምፎሳይቶችንም ይቀንሳል። ሰው ሠራሾቹ ፕሬድኒሶሎንና ዴክሳሜታዞን በዚሁ መንገድ፣ ግን በላቀ ኃይል ይሠራሉ። ስለዚህ ሕመምን የሚያበርደው ኃይልና የሰውነትን መከላከያ የሚያዳክመው ኃይል አንድ ነው።

ሄንች ኮርቲዞንን ፈዋሽ ብለው አላወጁም፤ በ1965 ሲያርፉም ጥንቃቄያቸው ለሕክምናው መመሪያ ሆኖ ቀርቷል።